ሥራ አስኪያጁን የሚያነሣው ማን ነው?

ሐምሌ 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ጎንደር በተኩስ ድምፅ ነቃች። የፌዴራል የጸጥታ ኃይሎች የወልቃይት የአማራ ማንነት ጥያቄ ኮሚቴ አባል የሆኑትን ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱን ለመያዝ ሲሞክሩ የተጀመረው ግጭት በሰዓታት ውስጥ አደባባይ ወጣ፤ ሐምሌ 24 ደግሞ አልተፈቀደም የተባለው ሰልፍ ከተማዋን አጥለቀለቃት። በእነዚያ ሳምንታት የአዘዞ፣ የማራኪ ወይም የቅዳሜ ገበያ ነዋሪ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደታሰረ፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ ለማወቅ ሲፈልግ እጁ የሚሄደው ከውጭ አገር ወደሚሰራጨው ኢሳት ቴሌቪዥን ነበር፤ ማታ ማታም ወደ አሜሪካ ድምፅና ወደ ዶይቸ ቬለ የአማርኛ ስርጭት። ዋሽንግተን፣ አምስተርዳምና ቦን የተቀመጡ ሰዎች ለጎንደሬው ስለ ጎንደር ይነግሩት ነበር። መንግሥት የሰጠው ምላሽ መስከረም 28 ቀን 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማወጅና በማስፈጸሚያ መመሪያው ኢሳትንና ሌላውን የውጭ ጣቢያ ኦ.ኤም.ኤንን መመልከትን መከልከል ሆነ። ብሔራዊ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ፣ የክልል ጣቢያዎችና በርካታ ኤፍ.ኤሞች በእጁ የያዘ መንግሥት ሰው የሌላውን እንዳይሰማ በመመሪያ ሲከለክል፣ የራሱን ድምፅ የሚያምንለት ሰው እንዳጣ ራሱ መስክሯል።

ይህን የእምነት እጦት ብዙ ጊዜ የምናስረዳው በሰዎች ጠባይ ነው። ጋዜጠኛው ካድሬ ነው፣ አዘጋጁ ፈሪ ነው፣ ኃላፊው አድርባይ ነው እንላለን። መንግሥት በተለወጠ ቁጥርም አዳዲስ ሰዎች ሲመጡ ጣቢያው ይቃናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን፤ ተስፋው ባዶ ሲሆን ደግሞ አዲሶቹም እንደ አሮጌዎቹ ከዱን እንላለን። እኔ የምከራከረው ችግሩ ያለው ከሰዎቹ በላይ፣ በወንበሩ ሥሪት ላይ ነው ብዬ ነው። በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ጣቢያ ነጻ መሆን አለመሆኑ የሚለካው ሥራ አስኪያጁን ማን ይሾመዋል፣ በተለይም ደግሞ ማን በአንድ ቀን ሊያነሣው ይችላል በሚለው ጥያቄ ነው። ሥልጣን ላይ ያለው ፓርቲ ያለ ምክንያት ሊያነሣው የሚችል ሥራ አስኪያጅ ደፋርም ቢሆን፣ አዋቂም ቢሆን፣ ሕገ መንግሥቱን በቃሉ የሚወጣም ቢሆን፣ ከተማው ሲጨነቅ የሚያደርገው አንድ ነው፤ መግለጫ ይጠብቃል።

የኢትዮጵያ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ታሪክ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ጠንሳሾች ከሁሉ አስቀድመው ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን በሬዲዮ መግለጫ እንዲያነቡ ማድረግ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌቪዥን አሥር ዓመት ሳይሞላው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራውን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ሥዕሎች ጋር እያፈራረቀ አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ፊልሙም ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቷል። አዲስ አበባ ላይ የታየው ግን ደርግ ጣቢያውን ከያዘ በኋላ፣ ደርግን በጠቀመበት ሌሊት ነው። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. የሉተራን ቤተ ክርስቲያናት ያቋቋሙት ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ ከማይክሮፎኑ ጀርባ ያለው ሥልጣን እንደገና እጅ ቀየረ። ጌታው ተለዋወጠ እንጂ ጣቢያው ጌታ አልባ ሆኖ አያውቅም።

በወረቀት ደረጃ ይህን ሰንሰለት የበጠሰው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዝዛል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ሊሠራ እንደሚችልም አንድ ጊዜ በዓይናችን አይተናል። ከግንቦት 7 ቀን 1997ቱ ምርጫ በፊት ኢሕአዴግና ተቃዋሚዎች ያደረጓቸው ክርክሮች በቀጥታ ሲተላለፉ አገር ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ሥር ተሰበሰበ። ጋዜጠኞቹ ከሌላ አገር አልመጡም፤ ትናንት የስብሰባ ዜና ሲያነቡ የነበሩት ናቸው። ክርክሩ የተፈቀደው ግን በፓርቲው ውሳኔ ስለነበረ በፓርቲው ውሳኔ ተዘጋ። ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢቲቪ «ጅሃዳዊ ሐረካት» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም ያሳየው ጉዳያቸው በፍርድ ቤት እየታየ ያለ የሙስሊም ኮሚቴ አባላትን እንደ ወንጀለኛ አድርጎ ነበር፤ ፊልሙ እንዳይተላለፍ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሰጥቶ እያለ። የዚያ ምሽት ኃላፊ ሁለት ትእዛዝ ቀርቦለት ነበር ማለት ነው። አንዱ ከዳኛ፣ ሌላው ሊያነሣው ከሚችለው ወገን። የትኛውን እንደመረጠ አየን።

ጉዳዩን ወደ ጎንደር ስናመጣው ጥያቄው ይበልጥ ይጠነክራል፤ ምክንያቱም የክልል ጣቢያ ሲቋቋም የተሰጠው ተስፋ ቅርበት ነበር። ዛሬ አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን፣ ባጭሩ አሚኮ፣ የምንለው ተቋም በ1987 ዓ.ም. በበኩር ጋዜጣ ጀምሮ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ኤፍ.ኤሞችን ጨመረ፤ ጎንደርም የራሷን ኤፍ.ኤም. 105.1 አገኘች። ከእርሱ ጎን ኢሕአዴግ የመሠረተው የፋና ቅርንጫፍና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ሬዲዮ አሉ። አንዱ የክልል መንግሥት፣ አንዱ ከፓርቲ የተወለደ፣ አንዱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ። ቅርበቱ የመጣው በእርግጥ ነው፤ አርሶ አደሩ በራሱ አነጋገር፣ ስለ ራሱ ገበያና ስለ ራሱ አዝመራ ይሰማል። ግን ቅርበቱ ለሁለት ወገን ነው። ባሕር ዳር ያለ የፓርቲ ጽሕፈት ቤት ባሕር ዳር ላለ ዋና አዘጋጅ ከአራት ኪሎ ይልቅ ይቀርበዋል። በትንሽ ከተማ ባለሥልጣኑና ጋዜጠኛው በአንድ ሰርግና በአንድ ለቅሶ ይገናኛሉ፤ እንቢ ማለት ከአዲስ አበባው ይልቅ ይከብዳል።

ከ2010 እስከ 2012 ዓ.ም. ያለው ጊዜ እዚህ ላይ በደንብ መታየት አለበት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። በእነዚያ ዓመታት የክልሉ ጣቢያ ነጻ የወጣ መስሎን ነበር። ስለ ወልቃይትና ራያ ይወራል፣ ያለፈው ሥርዓት ግፍ ይተረካል፣ ትናንት ስማቸው የማይነሣ ሰዎች ስቱዲዮ ይቀመጣሉ። ሕዝቡም ደስ አለው፤ ደስ ሊለውም ይገባ ነበር። በዚያው ሰሞን ግን የትግራዩ ጣቢያ ተቃራኒውን በዚያው ግለት ይናገር ነበር፤ የሌሎች ክልሎች ጣቢያዎችም እያንዳንዳቸው የክልላቸውን ገዥ ፓርቲ ቃል ይዘው ነበር። ይህ የጣቢያዎች ነጻነት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንዱ ከክልሉ ፓርቲ የተለየ ነገር በተናገረ ነበር። ነጻ የወጡት ፓርቲዎቹ ናቸው፤ ያውም እርስ በርሳቸው። የአማራ ክልል ገዥ ፓርቲ ብአዴን መስከረም 2011 ላይ ስሙን ቀይሮ አዴፓ ሲሆን ጣቢያው አብሮት ሄደ፤ አዴፓ በኅዳር 2012 ብልጽግና ውስጥ ሲገባ ጣቢያውም አብሮት ገባ። አንድ ጌታ የነበረው ሥርዓት ለጊዜው ብዙ ጌቶች አበጀ፤ በእነዚያ ጌቶች መካከል የተካሄደው የቃላት ጦርነት ጥቅምት 2013 ላይ ወደ እውነተኛው ጦርነት የሚወስደውን መንገድ ጠርጓል ብሎ መናገር ማጋነን አይመስለኝም።

የዚህን ነገር ሌላ ገጽ የምናየው በራሱ በጎንደር ምድር ባለው የቅማንት የራስ አስተዳደር ጥያቄ ነው። መስከረም 7 ቀን 2010 ዓ.ም. በስምንት ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ ሰባቱ በነበረው አስተዳደር እንዲቀጥሉ ወሰኑ። ጥያቄው ግን በድምፅ ቆጠራ አላበቃም፤ ከዚያ በኋላም ደም ፈስሷል፣ መንደር ተቃጥሏል፣ ሰው ተፈናቅሏል። እንዲህ ያለውን ነገር ሁለቱንም ወገን አስቀምጦ ሊያነጋግር የሚገባው ከማንም በፊት የአካባቢው ጣቢያ ነበር። ይሁን እንጂ ጣቢያውን የሚያዝዘው ፓርቲ ራሱ ከክርክሩ አንዱ ወገን ነው። ስለ ወልቃይት ድምፃችን ታፈነ ብለን በ2008 ስንጮህ የጠየቅነው ፍትሕ ለጭልጋውና ለላይ አርማጭሆው ቅማንትም ይገባዋል፤ ለእኛ የሚጮኽልንን ጣቢያ ነጻ፣ ለሌላው የሚጮኸውን አፍራሽ ካልን ስለ ነጻነት እየተነጋገርን አይደለም።

አሁን አንዱን የዜና ቅርጽ ቀረብ ብለን እንየው። «ጎንደር፦» ብሎ ይጀምራል፣ ቀኑና «(አሚኮ)» ይከተላል፣ መጨረሻው ላይ «ለኅብረተሰብ ለውጥ እንተጋለን!» የሚለው መፈክር አለ። በመካከሉ ያለው ምንድን ነው? አንድ ኃላፊ ከነሙሉ ማዕረጉ አንድ ፕሮጀክት ጎበኘ፤ ሥራው ይህን ያህል በመቶ ደረሰ አለ፤ ኅብረተሰቡ ከመንግሥት ጎን እንዲቆም አሳሰበ። የመገጭ ግድብን እንውሰድ። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ጎንደር በጀሪካን ወረፋ ስትቃጠል መፍትሔ ይሆናል የተባለው መገጭ ከአሥር ዓመት በላይ ተጓትቷል። ስለ መገጭ ብዙ ዜና ተሠርቷል፤ ብዙ «በመቶ» ሰምተናል። ሥራው ሲጀመር ዋጋው ስንት ነበር፣ አሁን ስንት ሆነ፣ ጥናቱን ማን አጸደቀው፣ መዘግየቱን በስሙ ወስዶ የሚጠየቅ ባለሥልጣን ማነው የሚሉት ጥያቄዎች ግን ከጉብኝት ዜና ውስጥ አይወጡም። ጋዜጠኛው ጥያቄዎቹን አጥቷቸው አይደለም። ቀበሌንና ወረዳን መንካት ይፈቀዳል፣ አንዳንዴም ይበረታታል፤ ከዚያ ወደ ላይ ከፍ ሲል ስልክ ይደወላል። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ተርየ ሽየርዳል በመንግሥት ጣቢያዎች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞችን አነጋግሮ ከአሥራ አምስት ዓመት ገደማ በፊት ባሳተመው ጥናት ያሳየው ይኸንኑ ነው፤ ጋዜጠኞቹ ራሳቸውን ሳንሱር ያደርጋሉ፣ ለዚያም ለኅሊናቸው የሚመች ምክንያት ያበጃሉ። ስልኩ ብዙ ጊዜ መደወል እንኳ አያስፈልገውም።

የውኃው ነገር በትዕግሥት ይታለፋል ቢባል፣ የሞተ ሰው ግን አይታለፍም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የትግራይ ኃይሎች ዳባት አጠገብ በጭና ተክለሃይማኖት ሲቪሎችን ገደሉ፤ የአካባቢው ባለሥልጣናት የሟቾቹን ቁጥር ከመቶ በላይ አድርሰውታል። የፌዴራሉም የክልሉም ጣቢያ ጭና ድረስ ሄዷል፣ መቃብሩን አሳይቷል፣ ያዘኑትን አነጋግሯል። ማድረግ ያለባቸውን ነው ያደረጉት። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. መራዊ ላይ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታወቀ። ኮሚሽኑ በሕገ መንግሥቱ መሠረት የቆመ የመንግሥት ተቋም ነው፤ ጠላት ያወራው ነው ሊባል አይችልም። ለመራዊ ሟቾች ግን የጭናዎቹን ያህል የአየር ሰዓት አልተሰጠም፤ ካሜራው ቤት ለቤት አልዞረም። የ2008ና 2009ኙም እንዲሁ ነበር። በተቃውሞው በአማራ ክልል 140፣ በመላው አገሪቱ 669 ሰዎች መሞታቸውን የነገረን ያው ኮሚሽን በሚያዝያ 2009 ለምክር ቤት ባቀረበው ሪፖርት ነው። የሞተ ገበሬ የሚለቀስለት ገዳዩ ማን እንደሆነ ታይቶ ከሆነ፣ በሚለቀስለትም ጊዜ ሰው ልቅሶውን ይጠራጠራል። የጭና እናቶች እንባ በሌሎች ዘንድ ፕሮፓጋንዳ የተባለው ለዚህ ነው፤ ይህ ደግሞ ለእነርሱ ሁለተኛ በደል ነው።

ዝምታው ሰላምን ያስጠብቃል የሚሉም አሉ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ በሸህ ኤልያስ መካነ መቃብር በቀብር ላይ የነበሩ ሙስሊሞች ተጠቁ፤ ከ20 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የክልሉ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት አስታወቀ። ወሬው በሰዓታት ውስጥ አገር አዳረሰ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ስልጤ ዞን ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። እንዲህ ባለ ቀን ሰው የሚፈልገው አንድ የሚያምነው ድምፅ ነው። ምን ሆነ፣ ምን አልሆነም፣ ማን ተያዘ፣ የትኛው ወሬ ሐሰት ነው የሚል። መንግሥትም ቢሆን ያን ቀን የሚያስፈልገው የሚታመን ጣቢያ ነው። እምነት ግን በችግር ቀን ከመጋዘን የሚወጣ ዕቃ አይደለም፤ በደህናው ቀን ባለሥልጣኑን ስለ መገጭ ሲጠይቅ፣ ስለ መራዊ ሳይሸፋፍን ሲናገር የተገኘ መሆን አለበት።

በዚህ ላይ የሚነሣው ከባዱ ተቃውሞ ጦርነት ነው። ከሐምሌ 28 ቀን 2015ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጀምሮ ክልሉ በትጥቅ ግጭት ውስጥ ነው፤ ሰሜን ጎንደር ከዚያ በፊትም የጦር ግንባር ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጣቢያን ልቅ መተው ሩዋንዳን መድገም ነው ይባላል። የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ መለስ ዜናዊም መጋቢት 2002 ላይ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አወዳድረው፣ ሞገዱ እንዲታወክ ለማድረግ ዝግጁ መሆናቸውን ተናግረው ነበር። ስጋቱን አላቃልለውም፤ ሬዲዮ ሰው ያስገድላል። ይሁን እንጂ የሩዋንዳው ታሪክ ተከራካሪዎቹን አይረዳቸውም። ሚል ኮሊንን ያቋቋሙት በፕሬዚዳንቱ ዙሪያ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ከእርሱ በፊት ደግሞ በመጋቢት 1984 ዓ.ም. አካባቢ ሐሰተኛ መግለጫ አንብቦ በቡገሴራ ጭፍጨፋ ያስነሣው ብሔራዊው የመንግሥት ሬዲዮ ራሱ ነበር። ያን ቀን ለሩዋንዳ የጎደላት ቁጥጥር ሆኖ አይታየኝም፤ ቁጥጥር ሞልቷል። የጎደላት ይህን ወረቀት አላነብም ብሎ በማግስቱ ወንበሩ ላይ የሚገኝ ዋና አዘጋጅ ነው። ጥላቻን የሚከለክል ሕግና ፍርድ ቤት ይኑር፤ ሕጉ ግን ከባለሥልጣን አፍ የሚወጣውንም ጥላቻ መከልከል የሚችለው ጣቢያው ከባለሥልጣኑ ሲለይ ብቻ ነው።

ሌሎች ደግሞ አሁን ዘመኑ የዩቲዩብና የሳተላይት ነው፣ የመንግሥትን ጣቢያ ማን ያያል፣ ለምን እንጨነቃለን ይላሉ። ይህ የከተማ ሰው አስተያየት ነው። ከሊማሊሞ በላይ፣ ጃናሞራና በየዳ ያለው ገበሬ ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ክልል ውስጥ ነው የኖረው፤ የቀረው ባትሪ የሚበላ ሬዲዮ ነው። ውጭ ያለውም ቢሆን አስተማማኝ አይደለም። በ1974 ዓ.ም. የጀመረው የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ በመጋቢት 2017 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባስተላለፉት ትእዛዝ ድምፁ ጠፋ፤ ለእኛ ታስቦ ያልተቋቋመ፣ በእኛ ምክንያትም ያልተዘጋ ነው። በጥቅምት 2018 ደግሞ የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን የዶይቸ ቬለን ዘጋቢዎች አገደ። በግል የሚሠሩት የዩቲዩብ ጣቢያዎች አንዳንዶቹ ብርቱ ሥራ ሠርተዋል፤ ሆኖም አብዛኞቹ የሚኖሩት በተመልካች ቁጣ ላይ ነው፣ ጋዜጠኞቻቸውም ሲታሰሩ ከኋላቸው ተቋም የለም። ግብር ከፍለን ያቆምነውን ጣቢያ ለፓርቲው ትተን በዋሽንግተን በጎ ፈቃድና በአልጎሪዝም ላይ መኖርን መፍትሔ ብሎ መጥራት አይቻልም።

መንግሥት በሕዝብ የተመረጠ ስለሆነ ጣቢያውን የመምራት መብት አለው የሚለው ክርክር ላይ ላዩን ሲያዩት ትክክል ይመስላል። መንግሥት ቃሉን የማሰማት መብት አለው፤ ለዚያም በየደረጃው የኮሙኒኬሽን ቢሮ አለው፣ መግለጫውም በየትኛውም ጣቢያ መነበብ አለበት። የዜና አዘጋጅ የመምረጥ መብት ግን ከዚያ አይወለድም። ተጠሪነቱ ለምክር ቤት ነው የሚለውም በእኛ ሁኔታ ትርጉሙ ጠባብ ነው። ብሔራዊው ጣቢያ ኢቢሲ በአዋጅ ቁጥር 858/2006 ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሆኗል፤ በ2007ቱ ምርጫ ግን ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ያዙ። ያ ሁሉ ወንበር የአንድ ወገን ሲሆን ለምክር ቤቱ መልስ መስጠትና ለፓርቲው መልስ መስጠት ልዩነታቸው በደብዳቤው ራስጌ ላይ ብቻ ነው።

የመንግሥት ገንዘብ እየበሉ ነጻ መሆን አይቻልም የሚለውን አባባል ግን ተግባር አፍርሶታል። ጋና በ1992 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ ብሔራዊ የሚዲያ ኮሚሽን አቋቁማ፣ የመንግሥት ጣቢያዎችን ቦርድ የመሾሙን ሥልጣን ለእርሱ ሰጠች፤ በኮሚሽኑ ውስጥ የጠበቆች፣ የመምህራን፣ የሠራተኞችና የጋዜጠኞች ማኅበራት፣ የክርስቲያንና የሙስሊም ምክር ቤቶች ይቀመጣሉ፣ ፕሬዚዳንቱ የሚወክሉት ሁለት ሰው ብቻ ነው። በጀርመን የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. ዜድ.ዲ.ኤፍ. በተባለው ጣቢያ የበላይ ምክር ቤት ውስጥ ለመንግሥት ቅርብ የሆኑ አባላት ከሢሶ እንዳይበልጡ ወሰነ። ከሁሉ የሚገርመው የደቡብ አፍሪካው ነው፤ ጎንደር በተኩስ በነቃችበት ሰሞን የተፈጸመ ነውና። የአገሪቱ የሕዝብ ጣቢያ ኤስ.ኤ.ቢ.ሲ. በተቃውሞ ሰልፍ የሕዝብ ንብረት ሲቃጠል የሚያሳይ ምስል እንዳይታይ በግንቦት 2008 ከለከለ፤ የተቃወሙ ስምንት ጋዜጠኞች ተባረሩ። ሐምሌ ላይ የአገሪቱ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ ክልከላው እንዲነሣ አዘዘ፣ ከጋዜጠኞቹም አብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ በፍርድ ቤት ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እዚያም ፓርቲው ጣቢያውን ይመኘዋል፤ ኃላፊዎቹም ይታዘዙለት ነበር። ልዩነቱ የተባረረው ጋዜጠኛ የሚሄድበት ደጅ፣ ተቆጣጣሪውም የሚቆምበት መሬት መኖሩ ነው።

እኛ ዘንድ ያ መሬት ለአጭር ጊዜ ታይቶ ነበር። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ቦርድ አባላት የፖለቲካ ፓርቲ አባል እንዳይሆኑ ይከለክል ነበር። አፈጻጸሙ ጉድለት ነበረው፤ ቢሆንም አንቀጹ በመኖሩ ተጥሷል ብሎ መክሰስ ይቻል ነበር። ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ አዋጁን ሲያሻሽል ያ ክልከላ ተነሣ፣ ከቦርዱም ሥልጣኖች ዋና ዋናዎቹ ወደ ባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት ዞሩ። ይህ የሆነው ሰባተኛው ምርጫ እየተቃረበ ሳለ መሆኑ ደግሞ ነገሩን አከፋው፤ የአየር ሰዓት ድልድሉን፣ የቅሬታውን አቤቱታ የሚያየው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን ነበረበትና።

የአዲስ አበባው መንገድ ሲጠብ የክልሉ መንገድ ክፍት ነው፤ ይህን የሚናገር ሰው አልሰማሁም። አሚኮ የቆመው የአማራ ክልል ምክር ቤት ባወጣው አዋጅ ነው፤ ምክር ቤቱ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ሊያሻሽለው ይችላል። የቦርዱ ወንበሮች ለጠበቆችና ለመምህራን ማኅበራት፣ ለሃይማኖት ተቋማት፣ ለገበሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች፣ ለጎንደርና ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የጋዜጠኝነት መምህራን፣ ለራሳቸው ለጋዜጠኞቹ ይከፋፈሉ፤ የፓርቲ ሹመኛ ከመካከላቸው አይኑር። ሥራ አስኪያጁ ቦታው በይፋ ማስታወቂያ ወጥቶ በውድድር ይቀጠር፣ የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ይሁን፣ በሕጉ ከተጻፈ ጥፋት በቀር አይነሣ፤ ሲነሣም ምክንያቱ በጽሑፍ ይውጣ። በጀቱ ለሦስት ዓመት ቀድሞ ይጽደቅ፤ ክፉ ዜና በሠራ ሰሞን እንዳይቀነስ። ከማንኛውም የመንግሥት ኃላፊ ስለ ዜና ይዘት የሚመጣ ጥያቄ በደብዳቤ ካልሆነ አይቀበል፣ ደብዳቤውም በመዝገብ ተይዞ ለጠየቀ ዜጋ ይታይ። ከእነዚህ ውስጥ ተጨማሪ ብር የሚጠይቅ የለም። የመጀመሪያው ረቂቅ ከጎንደር የምክር ቤት ተመራጮች ቢመጣ አልቃወምም፤ በሐምሌ 2008 የሆነውን ለመራጮቻቸው ማስረዳት የማይጠበቅባቸው እነርሱ ናቸውና።